ከተራራው ፊት የቆመው ልጅ

ጋሽ አብዱልሐሊምን መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ተቆጥቻቸው ነበር። ወልድያ ውስጥ የባነር ማተሚያ ቤት አለኝ። የምርቃቱ፣ የሠርጉ፣ የሙት ዓመቱ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው የሚታተመው። ያን ቀን ደግሞ የምርቃት ሰሞን ነበርና ተማሪው በሩን ዘግቶታል። እሳቸው ተራቸውን ጠብቀው ገቡ፣ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡና ተራራ እንዳትምላቸው ጠየቁኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ለባቡር ነው አሉኝ። እኔ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። የሚቀልዱብኝ መሰለኝና ባቡሩን ካመጡ በኋላ ይምጡ ብዬ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

አልሄዱም። ሰው እስኪቀል ጥግ ይዘው ቆዩና ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። እውነትም ባቡር ነው! በአሮጌ የበር ሳንቃ ላይ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ሐዲዱ የአጥር ሽቦ ነው። ፉርጎዎቹ ከዘይት ጀሪካን የተቆረጡ፣ ጎማቸው የለስላሳ ቆርኪ። ጣቢያው ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተሠርቶ ኖራ ተቀብቷል፤ በሩ ላይ በእስክሪብቶ «ሐራ» ተብሎ ተጽፏል። ሞተሩን ከተበላሸ ቴፕ አውጥተው በባትሪ ድንጋይ ሲያስነሱት ሳንቃውን እየዞረ ይሄዳል አሉኝ። ይህን ሁሉ የጀመረው ልጃቸው አሚር ነው።

ጋሽ አብዱልሐሊም የሐራ ገበሬ ናቸው። ለባቡሩ መንገድ ሲጠረግ ከማሽላ ማሳቸው የተወሰነው ሄደ፤ እሳቸውም በሠራተኞቹ ካምፕ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። አሚር ያኔ ልጅ ነበር። ምሳ ሊያደርስላቸው ሲሄድ የወዳደቀ ሽቦና ቆርቆሮ በኪሱ ሞልቶ ይመለሳል። ባቡሩ ሐራ ሲገባ እስከ ዛሬ አላየንም፤ የአሚር ባቡር ግን ገባ። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው አንድ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ለማንም ሳይናገር ከአምስት የሰፈሩ ልጆች ጋር በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ወረደ። ዓረብ አገር ለመሻገር ነው። ከዳርቻው አንድ ጊዜ ደወለና ነገ እንሻገራለን አላቸው። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ድምፁ የለም።

ታዲያ አባትየው ምን ያድርጉ? ልጁ ግማሽ አድርሶ የተወውን ባቡር ይዘው ተቀመጡ። ሲመጣ አልቆ ያግኘው ብለው ነው። ጎረቤት ሰውየውን ነካ አደረጋቸው ብሎ አማ። ሚስታቸው እትዬ ሲቲም መጀመሪያ ተጣሏቸው፤ በኋላ ግን ጣቢያውን ኖራ የቀቡት እሳቸው ናቸው። የቀረው ከበስተኋላ የሚቆመው ተራራ ብቻ ነበር። አሚር ሁልጊዜ ይለው የነበረ ነገር ነው፤ ተራራ ከሌለበት ሐራ ሳይሆን ጅቡቲ ይመስላል ይል ነበር አሉ።

ልቤ ራራ። ኢንተርኔት ከፍቼ የሚያምር ተራራ አወጣሁላቸው። በረዶውን ሲያዩ የማን አገር ነው ያመጣሽልኝ አሉኝ። ሌላ ከፈትኩ፤ ጭላዳዎቹን አይተው ይኼስ የጎንደር ነው፣ ዘመድ የለንም አሉ። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀና ተራራ ያው ተራራ ነው፣ ማን ቆሞ ይቆጥረዋል አልኳቸው።

«የሚቆጥረው ልጅ አለኝ» አሉኝ ቀስ ብለው።

የሚፈልጉት ከደጃቸው የሚታየውን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ካሜራዬን ይዤ ሐራ ወረድኩ። እትዬ ሲቲ እርጎ አቀረቡልኝ፣ ባቡሩን አስነሱልኝ፤ እንደ ሕፃን ሦስት ጊዜ አስዞርኩት። ተራራው ግን እምቢ አለኝ። የጎረቤት ባሕር ዛፍ በእነዚህ ዓመታት አድጎ ግርጌውን ሸፍኖታል፣ ጫፉን ደግሞ ጉም ይዞታል። እግርም ራስም የሌለው ተራራ አንስቼ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ዕለት ጋሽ አብዱልሐሊም ራሳቸው መጡ። ከሸሚዛቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ነው። አሚር ሲሄድ ስልኩን ይዞ ካርዱን ለእናቱ ትቶ ነበር። ባሕር ዛፉ ሳያድግ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ጓደኛው ያነሳው ፎቶ አለበት። ቤታቸው በጦርነቱ ጊዜ ስለተዘረፈ የወረቀት ፎቶ የሚባል አልተረፈም። ካርዱን ሲሰጡኝ «ከዚህ በቀር መልኩ የለንም» አሉኝ። በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ።

ካርዱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ስከተው ቫይረስ ሞልቶታል። እኛ ቤት በቀን አሥር ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ የሚፈለገውን ትገለብጣለህ፣ የቀረውን ሁሉ ፎርማት አድርገህ ታጠፋለህ፣ ንጹሕ አድርገህ ትመልሳለህ። ሰውም ያመሰግናል። እንደ ልማዴ ተራራውን ገልብጬ ካርዱን ፎርማት ላድርግልዎ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እናንተ ታውቃላችሁ አሉኝ። ፎርማት ምን እንደሆነ አላወቁም። የሐራ ሰው ደግሞ የተማረ ነው ብሎ ያመነውን ምን ማለትህ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ እንዳላመነው ይቆጥርብኛል ብሎ ያፍራል። ይህን አጥቼው አይደለም፤ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ግን ወረፋ ነበር፣ ችኮላ ነበር፤ ፎርማት አደረግኩት። ምን ልበላችሁ፣ ምክንያት አይጠፋም።

ፎቶው ግሩም ነው። ተራራው ከጫፍ እስከ ግርጌ ወለል ብሎ ይታያል። ከፊቱ አሚር እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ይስቃል። ልጁ ከፎቶው ይውጣ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ባቡሩን በአንድ እርምጃ የሚሻገር ሰው ከኋላ ቆሞ እንዴት ይሆናል፣ ይነሳ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ሜትር ተደርጎ ሲታተም የልጁ ጭንቅላት ብቻ ጣቢያውን ያክላል።

ሁለት ቀን ሙሉ ሠራሁት። ከጎን ሣሩን እየወሰድኩ እግሩን ሸፈንኩ፣ ድንጋዩን እየወሰድኩ ደረቱን፣ በመጨረሻም ከቋጥኙ ቆርጬ ፊቱን። ሰው የቆመበት እንደነበር ማንም አያውቅም። በሙያዬ ኮራሁ። ኮምፒውተሬ ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ አንድን ሥራ ሁለት ቦታ አላስቀምጥም፤ በዚያው በዋናው ፎቶ ላይ ደርቤ ሴቭ አደረግኩት። እጄን ቁርጥማት ይያዘው!

ባነሩ ሲወጣ ጋሽ አብዱልሐሊም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አዩት። የትኛው መንገድ ወደ ውኃ እንደሚወርድ፣ ፍየል የሚወጣበት የት ጋ እንደሆነ አንድ በአንድ አሳዩኝ። መርቀውኝ ሄዱ። በማግስቱም ደውለው መንደሩ ሁሉ ሊያይ እንደመጣ፣ ባቡሩ በተራራው ሥር ሲያልፍ እትዬ ሲቲ እንዳለቀሱ ነገሩኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ወር ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ሌላ ሆኗል። መርሳ ላይ ኢዘዲን የሚባል ልጅ ከባሕሩ ማዶ ተመልሷል፤ ልጅ የጠፋበት የሀብሩ ወረዳ ሰው ሁሉ እሱ ጋ ይጎርፋል። ጋሽ አብዱልሐሊም በስልክ አገኙት። በእሱ ጀልባ ላይ ሁለት የሐራ ልጆች ነበሩ። አንዱን ባሕር ወስዶታል። ሌላውን ማዶ ሐኪም ቤት በሕይወት ትቶት ነው የመጣው። ስማቸው ግን አይጠቅምም፤ እዚያ ሁሉም ስሙን ይቀይራል። ፎቶ ካሳዩኝ የእርስዎ ልጅ የትኛው እንደሆነ ወዲያው እነግርዎታለሁ ብሏቸዋል። ጋሽ አብዱልሐሊም ካርዱን ከነፌስታሉ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና የአሚርን መልክ በትንሽ ወረቀት አውጪልኝ አሉኝ።

 ካርዱን ከተትኩት፣ ባዶ ነው። የኮምፒውተሩን ፎቶ ከፈትኩት፣ ተራራ ነው። ትንሽ ቀን ይስጡኝ፣ ቤትዎ ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው። ፈርቼ ነው።

የጠፋ ፎቶ የሚመልስ ፕሮግራም አለ። ጫንኩት፣ ፈለግኩ። አርባ የሚሆኑ ፎቶዎች ተመለሱ፤ ግን ሁሉም ከላይ ጥቂት ይታይና ከዚያ በታች ግራጫ ነው። ሰማዩ አለ፣ የተራራው ጫፍ አለ፣ ሰው የሚቆምበት በኩል የለም። በአንዱ ላይ ፀጉሩ ይታያል። ከቅንድቡ በታች ግራጫ ነው። ደሴ ለሚገኝ ጎበዝ ባለሙያ ላክሁት፣ እሱም ያው ቅንድብ ላይ ቆመ። ፌስቡኩን ፈልጌ አገኘሁ፤ ፊቱ መሆን በሚገባው ቦታ ባቡር ለጥፏል። የተማረበት ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ መዝገቡ በጦርነቱ ተበትኗል። ጓደኞቹስ ብዬ ጠየቅሁ። ጓደኞቹ አብረውት ነው የሄዱት። መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ዕድሜው አልደረሰም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሐራ ሄጄ ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር፤ ረግመውኝ ቢሆን በወደድኩ። እሳቸው ግን አላህ ያለው ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው ከባቡሩ ኋላ ያለውን ባነር ከሚስማሩ እያላቀቁ መጠቅለል ጀመሩ። ምን ያደርግልናል አልኳቸው። ኢዘዲን ጋ ባዶ እጃችንን ከምንሄድ ብለው በገመድ አሰሩት። እትዬ ሲቲ በሩ ላይ ቆመው ሸኙን።

መርሳ ስንደርስ ኢዘዲን ደጃፉ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንድ እግሩ አይታጠፍም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ባነሩን ዘረጋነው፣ በአንዱ ጫፍ እኔ፣ በሌላው እሳቸው ይዘን። ልጁ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ሰው ፍለጋ ዓይኑ ተራራውን ከታች እስከ ላይ ሲያስስ አየሁ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ተራራውን አየሁ።

ጋሽ አብዱልሐሊም ጣታቸውን ከግርጌው ላይ አኖሩ። «የቆመው እዚህ ጋ ነው» አሉት። «ራሱ እዚህ ቋጥኝ ላይ ይደርሳል። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው። ሲስቅ ጥርሱ ፍንጭት ነው።»

ኢዘዲን ጣታቸው ያለበትን ቦታ ብዙ ቆይቶ አየው። ዓይኑን ጨፍኖ ለማስታወስ ሞከረ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ቀጭን ነበሩ» አላቸው። «እዚያ ደግሞ የሚስቅ ሰው የለም፤ ጥርሳቸውን አላየሁም።»

ሌላም ሌላም ጠየቁት። ጠባሳ፣ አረማመድ፣ አነጋገር፤ በሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ይቅርታ አድርጉልኝ ብሎ ማልቀስ ጀመረ፤ እሳቸው ናቸው ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ያጽናኑት። ባነሩን ጠቅልለን ወደ ወልድያ የሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጋሽ አብዱልሐሊም ጥቅሉን ጉልበታቸው መካከል አቁመው በመስኮት ያያሉ። ሲሪንቃ ስንቃረብ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ የለባቸውም፣ የጨነቀው ሰው ፊት ነው።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። «ቤት ስገባ ሲቲ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት፣ እንደ ሞተ ሰደቃ እናውጣለት ወይስ እንጠብቀው?»