ሦስት ቀን የሚቀቀል እንጨት

ምድጃው ላይ፣ በትልቁ ድስት ውስጥ፣ ከጨሞጋ ወንዝ ዳር ያነሳሁት የወይራ ሥር ይንተከተካል። ወይራ መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ ነው ያመጣሁት። ውሃው እንደ ሻይ ቀልቷል። ልጄ ቤዛ ለአኳሪየሟ፣ ለዓሣ ገንዳዋ፣ ቸኩላ በየደቂቃው ክዳኑን ታነሳለች።

"እማዬ፣ ሁለት ቀን እኮ ሆነው፤ አልበቃውም?"

"አልበቃውም!" ቆጣ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ። የእርጥብ እንጨት ሽታ እንዲህ ያደርገኛል።

ልጅ እያለሁ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ግቢያችን ውስጥ ሰናይት የምትባል መምህርት ተከራይታ ትኖር ነበር። ከሐዋሳ ስትመጣ የመስታወት ገንዳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ አምስት ቀያይ ዓሦቿን በጀሪካን ይዛ ነው የመጣችው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በመስኮቷ ተንጠልጥሎ ያያቸዋል። ገብቼ የማበላቸው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ኩራቴ አይጣል ነው። ቲቸር ታዲያ ሁልጊዜ፣ "ወንዝ የጣለው ጉማጅ ባገኝ፣ ልጣጩን ልጬ፣ ሦስት ቀን ቀቅዬ፣ መደበቂያ አደርግላቸው ነበር" ትል ነበር።

ኅዳር ላይ ለሥልጠና ባሕር ዳር ስትሄድ ቁልፏን ለእኔ ሰጠችኝ። በማግስቱ ጨሞጋ ወረድኩና ክረምት ያመጣው፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ ጉማጅ አገኘሁ። ስትመለስ ደስታዋን ለማየት ቸኮልኩ። እናቴ ድስቷን ስለፈለገችው የቀቀልኩት ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ልጣጩንም አምሮኝ ተውኩት። እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ አስሬ አሰጠምኩት።

ጠዋት ስገባ አንዱ ዓሣ በጎኑ ተንጋሏል። የቀሩት አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያለከልካሉ። ሮጬ አባቴን ጠራሁት። አባቴ ልጅነቱን ከደጀን በታች፣ ዓባይ በረሃ ያሳለፈ ሰው ነው። ጉማጁን አውጥቶ ልጣጩን በጥፍሩ ፋቅ አደረገና አሸተተው።

"ይኸማ ብርብራ ነው። እኛ ፍሬውን ወቅጠን ወንዝ ውስጥ ስንጨምረው ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፍልን ነበር፤ ልጣጩም ያው መርዝ ነው።"

ውሃውን ደፋን፣ ሞላን፣ እንደገና ደፋን። እጄ በቅዝቃዜ ደነዘዘ። እስከ ቀትር ሦስቱ አለቁ። የቀሩት ሁለቱም መትረፋቸው ያጠራጥር ነበር።

ቲቸር አመሻሽ ላይ ደረሰች። ገንዳውን አየች፣ እኔን አየች። "ምን ሆኑ?" አለች ቀስ ብላ።

"ብርድ ነው፣ ቲቸር። ውርጭ ነበር።" ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ሰምቷል።

አመነችኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይኸን ብርድ እያወቅኩ ትቻቸው ሄድኩ" አለችና ብርድ ልብሷን ከአልጋዋ ገፍፋ ገንዳውን ጠቀለለችበት። አንድ ብርድ ልብስ ብቻ እንዳላት አውቃለሁ። ሁለቱ ዓሦች ተረፉ። እሷን ግን ሳል ያዛት፤ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር። ልነግራት ስንቴ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ" አለኝ። ሳይጠራ ክረምት ገባ፤ ቲቸርም ወደ ሌላ አገር ተዛውራ ሄደች። የት እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያኔ ከተማችን ውስጥ ዓሣ ያላት ቲቸር ብቻ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ለዓሣ የውሃ ማሞቂያ ሳይቀር በስልክ ታዝዞ ይመጣል። ቤዛ የራሷን ከነካርቶኑ ይዛ መጣችና፣ "እማዬ፣ ዓሣ እውነት በብርድ ይሞታል?" አለችኝ።

ክዳኑን አንስቼ እሳቱን ቀነስኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፣ ብርብራውንም፣ ውሸቴንም። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ቤዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና የድስቱን ክዳን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

"ብርድ ልብሷን ለዓሦቹ ከሰጠች፣ እሷስ ምን ለብሳ ትተኛ ነበር?"

"ካፖርቷን" አልኳት።