ለአዴ ጫልቱ የሰጠሁት የወይራ ፍቅፋቂ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት ሱሉልታ ውስጥ ነው። ለሰው ሳወራው «ታዲያ ይሄ ምኑ ያስጨንቃል?» የሚሉኝ አሉ። እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ቡራዩ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ። አንድ ቀራፂ ሱሉልታ ባለው ግቢው የእንጨት ቶርኖ ተክሎ፣ ክረምት ክረምት ጥቂት አርቲስቶችን እየተቀበለ ያሠራል። መኝታና ማሽን ከእሱ፣ ሥራ ከእኛ፤ ማብቂያው ላይ ትንሽ ዐውደ ርእይ ይዘጋጃል። ባለቤቴ «ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ እንጨት ልታሽከረክሪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ ብዬ ሻንጣዬን ሸክፌ ሄድኩ። የተማሪ ሥዕል ከማረም ወጥቼ የራሴን ነገር ከሠራሁ ስንት ጊዜዬ!

ቶርኖ ላይ እንጨቱ በሞተር ይሽከረከራል፤ ሠሪው መሮውን አስደግፎ ቀስ እያለ ያስጠጋዋል። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ፊትና ፀጉር ላይ ይዘንባል። መጀመሪያ ሰሞን መሮው ከእጄ ያመልጥ ነበር። በኋላ ግን ምሳ ተበልቶ እስኪያልቅ የማይታወቀኝ ሆንኩ።

ከግቢው ጀርባ አንድ የፈረሰ አሮጌ አጥር ነበር። ቋሚዎቹ ወይራ ናቸው። ቀራፂው ከፈለግሽ ውሰጂ ሲለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ወይራ እንደዚህ በነፃ የት ይገኛል? የእንጨቱ ውጪ ጥቁር ነው። የዕድሜ ጥቁረት ነው ብዬ አለፍኩትና ቆርጬ ማሽኑ ላይ ሰቀልኩት። ጥቁሩ ሲላጥ ከውስጡ የወጣውን መልክ እስካሁን አልረሳውም፤ ቡናማና ቢጫ መስመሩ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። ከዚያ እንጨት ጎድጓዳ ሳህኖች መሥራት ጀመርኩ።

አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው እናት አዴ ጫልቱ ይባላሉ። በዚያ ሰፈር እናቶችን «አዴ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ስለሆኑ ብቻቸውን ናቸው። ያላቸው አንዲት ቡሬ የምትባል ላምና ጥጃዋ ነው። የቡሬን ወተት እርጎ አድርገው አስፋልት ዳር ላለ ምግብ ቤት ያቀርባሉ፤ ኑሯቸውም በዚሁ ነው።

አንድ ቀን የማሽኑን ድምፅ ሰምተው ገቡ። መሬት ላይ ከተከመረው ፍቅፋቂ ከላይ ቆንጠር አድርገው አሸተቱና ፊታቸው በራ።

«ኤጀርሳ! ወይራ እኮ ነው! ይሄን ትጥሉታላችሁ እንዴ?»

የወተት ቅላቸውን የሚያጥኑበት ወይራ በአካባቢው እየጠፋ እንደተቸገሩ ነገሩኝ። እኔም በደስታ አንድ ማዳበሪያ ጠቅጥቄ ሞላሁላቸው። እሳቸው ያሸተቱት ከላይ ያለውን ንፁሁን ነው። እኔ ግን ስሞላ ከሥር ያለውን ጥቁሩንም አብሬ ዛቅሁት።

ከቀናት በኋላ ለምስጋና በጣሳ እርጎ ይዘው መጡ። አጠገቤ ቆመው እያዩኝ አንዴ ጎረስኩ። ጋራዥ ጋራዥ የሚል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቅሉ ጋዝ ነክቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ማር ነው አዴ ጫልቱ! ማር!»

ምን ልበል? እኚህ እናት በዝናብ፣ በጭቃ ይዘውልኝ መጥተው «ይሸታል» ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሳቁ።

«እሰይ ኢንተላ ኮ! እኔማ በዚህ ጉንፋን አፍንጫዬም ምላሴም ድፍን ብሏል፤ ስለዚህ ነው አንቺን ማስቀመሴ። እንግዲያው ለምግብ ቤቱም እወስዳለሁ።»

«ኢንተላ ኮ» ልጄ ማለት ነው። ያኔ «ቆይ፣ አይውሰዱ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንደወጡ እርጎውን አጥሩ ሥር ደፋሁና ጣሳውን አጥቤ መለስኩላቸው። እሳቸውም ባዶውን አይተው «በላሽው!» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ቀሩብኝ። እውነቱን ልናገር፣ እፎይ ነው ያልኩት፤ እርጎ መድፋቱ ቀረልኝ። በዚያ ሰሞን ለዐውደ ርእዩ የሚሆኑትን ሳህኖች በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ ነበር፤ ቀልቤ ሁሉ እዚያ ነው።

ነገሩ የወጣው አንድ ጠዋት ነው። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሟል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከአንድ ጥግ ፍቅፋቂ ዘግኜ አሮጌ ብረት ድስት ውስጥ አነደድኩና እጄን ማሞቅ ጀመርኩ። አብሮን የሚሠራው ብሩክ የሚባል የሰበታ ቀራፂ ዳቦ ገዝቶ ገባ።

«ሰማሽ? አዴ ጫልቱ ሊሸጧት ቡሬን በሌሊት እየነዱ ጫንጮ ገበያ ሄዱ አሉ። ወተቷ ጋዝ ጋዝ እየሸተተ ምግብ ቤቱ ሁሉንም መለሰባቸው። ሐኪም መጥቶ መርፌ ቢወጋትም ለውጥ የለም። ላሟ ታማለች ብለው ቁርጥ አድርገዋል።» ከዚያ አፍንጫውን ያዘ። «ኧረ ምንድነው የምታቃጥይው? ቤቱን ጋራዥ አደረግሽው እኮ!»

ያኔ ሽታው ለእኔም ደረሰኝ። ከእርጎው ጋር አንድ ነው። ያልተቆረጠ አንድ ቋሚ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ ብሩክ ጥቁሩን በጥፍሩ ፍቆ አሸተተው።

«የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ቋሚ እንዳይበሰብስ ይቀቡታል። ሰበታም አባቴ አጥሩን እንዲህ ነው የሚቀባው።»

ቡሬ አልታመመችም። ቅሉን ያበላሸው እኔ የሰጠሁት ፍቅፋቂ ጭስ ነው።

ሽርጤን ሳላወልቅ ወጣሁ። በባጃጅ አስፋልት ደረስኩ፤ ከዚያ ሚኒባስ ይዤ ወደ ጫንጮ። ጉሙ ከመኪናው ፊት ያለውን መንገድ አያሳይም፤ ሾፌሩ ቀስ ይላል፣ እኔ በልቤ «ንዳው!» እላለሁ። ገና አልተሸጠችም፣ በዚህ ዝናብ ማን ይገዛል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

የከብት ገበያው ጭቃ ብቻ ነበር። አዴ ጫልቱን ያገኘኋቸው አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነው። የላሟን ገመድ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገውታል።

«አዴ ጫልቱ፣ ቡሬስ?»

«ማል ታኤ? ምን ሆነሽ መጣሽ?» አሉ ደንግጠው። «ቡሬማ ተሸጠች። የአዲስ አበባ ሥጋ ነጋዴ ጭኖ ወሰዳት።»

«ለምን ለሥጋ? የምትታለብ ላም አይደለች እንዴ?»

«ወተቷ ተበላሽቷል ብዬ ለገዢዎቹ ነገርኳቸው። ሳልናገር ብሸጥ ገዢውን መበደል አይሆንም?»

እዚያው ፊታቸው ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ቋሚው፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ማዳበሪያው። እርጎውን አጥር ሥር መድፋቴንም አልደበቅሁም።

«ያን ቀን ሸቶሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ማር ነው አልሽኝ እኮ።»

አንገቴን ደፍቼ ስድቡን ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሳቸው ግን ገመዱን እያዩ ለራሳቸው ማውራት ጀመሩ።

«ትናንት መታኋት። ሳልባት ተወራጨች ብዬ በዱላ መታኋት። ወተቴን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ለካ ምንም አላደረገችም።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው አለቀሱ።

ደላላውን ፈልገን ጠየቅነው። የነጋዴውን ስልክ አያውቅም፤ መኪናው ከሄደ ቆይቷል አለን። ወደ ሱሉልታ ስንመለስ አዴ ጫልቱ የእኔንም የታክሲ ሒሳብ ቀድመው ከፈሉ። ልከለክላቸው ብል እጄን ገፉት።

በዐውደ ርእዩ የወይራ ሳህኖቼ ከሁሉ በፊት ተሸጡ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራሉ» ይለኛል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ያገኘሁትን ይዤ አዴ ጫልቱ ዘንድ ሄድኩ። ላም ባይገዛም ለመነሻ ይሁንዎ አልኳቸው። አልነኩትም።

«አንቺ አልሸጥሻትም። የሸጥኳት እኔ ነኝ» ብለው ገንዘቡን ወደ ቦርሳዬ መለሱት።

ይቅር ብለውኛል። ስልክ ስደውል ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል እንጂ የቡሬን ስም አያነሱም። እኔ ግን ለራሴ ይቅር ማለት አቃተኝ። ፍቅፋቂው ስህተት ነው፤ ማንም ይሳሳታል። «ማር ነው» ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው። በአንድ ቃል ሊድን የሚችል ነገር ነበር፤ ቃሉን የዋጥኩት ጥሩ ሰው ለመባል ነው።

ከገበያው በኋላ ሱሉልታ የቆየሁባቸውን ቀናት ማስታወስ አልወድም። አዴ ጫልቱ ጥጃዋን አልሸጧትም ነበር። ከአጥሩ ማዶ ሆና እናቷን ስትጠራ ትውላለች። እኔ ድምፅዋን ላለመስማት የምልጠው እንጨት እንኳ ሳይኖረኝ ቶርኖውን አስነሳዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ማሽኑ ይቆማል፤ ጥጃዋ አታቆምም።

አሁን ቡራዩ ቤቴ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ባለቤቴ ሻማ ፍለጋ ይነሳል። እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልንቀሳቀስ ጥጃ ስትጮህ ይሰማኛል። በሰፈራችን ከብት ያለው ሰው የለም።