ግራ ጆሮዬን ፍለጋ

በእኛ ሰፈር፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም ኋላ፣ ስኳር በራሽን ነበር፤ ሞኝነት ግን ማንም እንዳሻው ይወስዳል። አባቴ የሚወስደው በኩንታል ነበር። ይህን የምለው ስለማልወደው አይደለም። እወደዋለሁ። ማክበሩ ነው ያስቸገረኝ።

ያኔ አራት ዓመት አልፎኝ አምስት አልሞላኝም። እናቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ ባለ የመንግሥት ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ሞግዚቴ ባል አግብታ ስትሄድብን እናቴ ሌላ ዘዴ ስላጣች እኔን ይዛ ሥራ መግባት ጀመረች። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ሥር ተቀምጬ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሳኝክ እውላለሁ። በእኔ ግምት የአንድ ሻለቃ ጦር ልብስ የሚወጣው ካኪ ሆዴ ገብቷል። አለቃዋ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ አየኝና፣ «ከመስከረም ወዲያ ወይ ልጁን ወይ መኪናውን ምረጪ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዳላይ» አላት።

የእናቴ እንጀራ እንግዲህ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት እኔን በመቀበሉ ላይ ተንጠለጠለ። ከጠዋት እስከ ማታ ልጅ የሚያውል ሌላ ቦታ አልነበረም። ከእኛ ወዲያ እስከ ጉርድ ሾላ ድረስ ያለው ማሳና ላም ነው። ላሞቹ ልጅ ቢጠብቁ ኖሮ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ይሻሉ ነበር፤ ቢያንስ ሰው ሲያዩ ፊታቸውን አያጠቁሩም።

አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይባል እንጂ ዋና ሙያው ስብሰባ ነበር። እሁድ እሁድ ቀበሌ አዳራሽ ገብቶ ዓይኑን እንደገለጠ መተኛት ይችልበታል። ጭብጨባ ሲሰማ ይነቃና ከሁሉም አስበልጦ ያጨበጭባል። አንድ እሁድ በሁለት ጭብጨባ መሃል ሊቀመንበሩ ስለ መዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ ሲናገር ነቃ።

«የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ፣ ቀኝ እጁ በአናቱ ላይ ዞሮ ግራ ጆሮውን መንካት አለመንካቱ ይታያል» ይላል ሊቀመንበሩ።

ይታያል! ሲነካ ነው የሚሻለው ወይስ ሳይነካ ሲቀር? አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ተቀምጦ ይህችን የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ እጅ የሚወጣው ለመደገፍ ነው። የሚጠይቅ ሰው ምን ፈልጎ ነው ይባላል። አባቴም አጨብጭቦ ወጣ።

«ሴትዮ፣ የዚህ ልጅ እጅ አጭር ነው» አላት ገና በሩን ሳይዘጋ።

«ሕፃን እኮ ነው! የማንን ያህል ይርዘምልህ?»

«ጆሮውን ካልነካ አይገባም ተብሏል። በኋላ አልነገርከኝም እንዳትይ።»

እናቴ ስፌት መኪናዋ ዓይኗ ላይ መጣ መሰለኝ፣ ቶሎ ብላ እጄን አንሥታ ሞከረችው። መሃል አናቴ ላይ ቀረ። ፊቷ አመድ መሰለ።

ሥልጠናው በማግስቱ ተጀመረ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ እጄን ይዞ እንደ ቋንጣ በበሩ ጉበን ላይ ያንጠለጥለኛል። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ፣ ይህን አይተው፣ «ልጁ ደህና ነው፤ አመራሩ ነው የደከመ» አሉና ሥራውን ተረከቡት። ሃምሳ አለቃ በጦር ሜዳ ያጡትን ድል ሁሉ በእኔ ጆሮ ላይ ሊያገኙት ቆርጠው ነበር። «ቀኝ እጅ! በአናት ላይ! ወደ ግራ ጆሮ፣ ያዝ!» ሲሉ የሰፈሩ ውሾች ሳይቀሩ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ለወጥ የጠፋው ቅቤ ለትከሻዬ ተገኘ፤ እናቴ ጅማቱ እንዲላላ ማታ ማታ ታሸኛለች። ሃምሳ አለቃ ደግሞ «መንገዱን የሚያስረዝመው ፀጉሩ ነው» ብለው በምላጭ ላጩኝ። እንቁላል መሰልኩ።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ መሃል ንፍጤን መጥረግ፣ ቁልፌን መቆለፍ፣ ሽንቴ ሲመጣ መናገር ያስተማረኝ የለም። የአባቴን ስም ስጠየቅ «አባዬ» ነበር የምለው። ማን ይጨነቃል! መዋዕለ ሕፃናት ማለት ጆሮ ነው።

ጳጉሜ ላይ፣ አንገቴን ትንሽ ሰበር አድርጌ፣ ያዝኩት። መንካት ብቻ አይደለም፣ ጆሮዬን ጨብጬ እጎትተዋለሁ። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አሳያቸው!» ይላል፤ እኔም አሳያለሁ። ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይዞ ያደንቃል። ምን ዓይነት ሰፈር እንደሆነ ከዚህ ተረዱት።

የምዝገባው ዕለት አባቴም ሃምሳ አለቃም አብረውን መጡ። ኃላፊዋ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ቅዳሜ ከሰዓት ያለ ቢሮ ይመስላል። ከፊታችን ያለው ልጅ እጁን ቢዘረጋ አናቱ ላይ ቀረ።

«ምስኪን፣ ወደቀ» አለ አባቴ በሹክሹክታ።

«ግባ» አለችው ኃላፊዋ።

ቀጥሎ የነበረችው ልጅም አልደረሰላትም። እሷንም «ግቢ» አለቻት።

«አየሽ?» አለ አባቴ በንቀት። «ሁሉም በዘመድ ነው!»

እናቴ ግን የገባት ያን ጊዜ ነው። እጄን ልትይዝ ዘወር ስትል ሃምሳ አለቃ «ቀኝ እጅ!» ብለው ጮኹ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሠልጥኛለሁ። ግራ ጆሮዬን ጨበጥኩ። አባቴ ብቻውን አጨበጨበ።

«ይኼ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ አንደኛ ክፍል አስገቡት» አለች ኃላፊዋ። «ቀጣይ!»

አንደኛ ክፍል ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን ለእናቴ ምን ያደርግላታል?

«እትዬ፣ በመድኃኔዓለም! አምስት እንኳን አልሞላውም!»

«እጁ ደረሰ እኮ።»

«አለማምደነው ነው!»

«ምኑን?»

«ጆሮውን!»

ኃላፊዋ አራታችንንም አንድ በአንድ አየችን። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ኃላፊ፣ በአፈጻጸም ረገድ የተፈጠረውን ክፍተት በተመለከተ...»

«አንተ ዝም በል!» አለችው እናቴ። ከዚያ በፊት በሰው ፊት እንዲህ ብላው አታውቅም። ዘወር ብላ አፌን እንደ ገበያ በቅሎ ፈለቀቀችው። «ጥርሱን ይዩለት! አንዱም አልተነቃነቀም፣ ሁሉም የወተት ነው!»

ኃላፊዋ ተነሥታ መጣችና የፊት ጥርሴን ልትነቀንቅ ጣቷን ከተተች። ጣቷ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ካኪ እንኳን አልቀመስኩም። ነከስኳት።

በጩኸቷ ሊያርፍ የተቃረበ አውሮፕላን ደንግጦ ወደ ላይ ተመለሰ ይባላል፤ የሚለውም እኔ ነኝ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኃላፊዋ ጣቷ ላይ የቀረውን የጥቃቅን ጥርስ ምልክት ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«የሰባት ዓመት ልጅ ሰው አይነክስም» አለች በመጨረሻ። «ይኼ ሕፃን ነው። ሰኞ አምጪው። አብልተሽ!»

እናቴ ያን የተነከሰ ጣት ሳመችው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ደረቱን ነፍቶ፣ «ነግሬሽ ነበር፣ ሥልጠና ፍሬ ያፈራል» አለ። ሃምሳ አለቃ በአገጫቸው አጸደቁለት።

ሰኞ አለቃዋ ጎንበስ ብሎ የስፌት መኪናዋን ሥር አየ አሉ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ብቻ ነበር፣ ሳይኘክ እንደወደቀ።