እናቴ የማን ልጅ እንደነበረች

እናቴ ስትሞት መታወቂያዋ ላይ የነበረው የአባት ስም ያሳደጋት አጎቷ ስም ነበር። የወለዳት አባቷ ግን እህል በረንዳ የታወቀ የጤፍ ነጋዴ እንደነበረ፣ እናቷም በእሱ መጋዘን እህል ስታበጥር እንደኖረች ከልጅነቴ ጀምሮ ነግራኛለች። ቤተሰቡ አንድም ቀን ልጃችን ብሏት አያውቅም። እሷም ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም። እኔ ግን የመቃብሯን ሐውልት ላሠራ ስነሳ በሰው ስም አላስተኛትም አልኩ።

መጀመሪያ የነጋዴው የበኩር ልጅ ሱቅ ሄድኩ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ የአባታቸውን ንግድ የያዙ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ የእህትዎ ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

«እንዲህ ያለች እህት የለኝም። ውርስ ፈልገሽ ከሆነ ፍርድ ቤት ሂጂ።»

«ውርስ አልፈልግም። የአባቷን ስም ሐውልቷ ላይ ላስጽፍ ነው፤ ከሰው እንዳይሰሙት ብዬ መጣሁ።»

«ሞክሪና አስነቅለዋለሁ!» ብለው በሠራተኞቻቸው ፊት አስወጡኝ።

እልህ ያዘኝ፤ የእናቴን እናት መቃብር ፈልጌ ማስረጃ ላገኝ ቆረጥኩ። አያቴ የተቀበረችው እናቴ ገና ሕፃን ሳለች ነው፤ እናቴ ካረፈችበት ቤተክርስቲያን በስተጀርባ፣ አጥሩ አጠገብ ከመባል በቀር ቦታውን የሚያውቅ አልነበረም። ጎጃም በረንዳ ያለችኝን የጆንያ መሸጫ እየዘጋሁ ሦስት ቅዳሜ ማጭድና ብሩሽ ይዤ ሄድኩ። ሣር አጨድኩ፣ ከመቃብር ድንጋዮቹ ላይ የድንጋይ ሽበት ጠረግኩ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ስም አነበብኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቁጥቋጦ ውስጥ ያዘመመ፣ ከጉልበቴ የማይበልጥ ድንጋይ አገኘሁ። ውኃ አፍስሼበት በጣቴ ስፈገፍገው መጀመሪያ የአያቴ ስም ወጣ። ከሥሩ፣ «ይህን ሐውልት የልጇ አባት አሠራላት» ይላል፤ ቀጥሎም የነጋዴው ስም እስከ አያቱ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። ለሞተችው የመሰከረውን ቃል በሕይወት ላለች ልጁ ነፍጓት ኖሯል።

ሰኞ ጠዋት ሐውልት ሠሪው ዘንድ ሄጄ የእናቴን ስም ከእነ አባቷ ስም አዘዝኩ።

ሐውልቱ እንደቆመ የነጋዴው ልጅ፣ ሽማግሌው፣ ለሰበካ ጉባኤው ከሰሱኝ። ሊቀመንበሩ ሁለታችንንም አስጠሩን። ብዙ አልተከራከርኩም፤ «ተከተሉኝ» ብዬ ወደ አያቴ መቃብር ወሰድኳቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«የአባትዎ ስም ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ስሙስ የእሳቸው ነው።»

«እንግዲያው የልጅቱም ሐውልት ባለበት ይቆያል።»

ሽማግሌው ጃንጥላቸውን አንስተው፣ እኔን ቀና ብለው ሳያዩ ሄዱ።

እስከ ዛሬ አልታረቅንም። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት መንገዴን አዙሬ ሆን ብዬ በሱቃቸው በር አልፋለሁ። ተሸካሚው ሁሉ እስኪሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እንደምን አደሩ፣ አጎቴ!» እላቸዋለሁ። ቢመልሱም ባይመልሱም አጎቴ ናቸው።