ሴል ሲጾም ምን ይበላል?

መንግስቴ ቢቸና ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ባዮሎጂ አስተምሯል። እኔ ደግሞ ጂኦግራፊ። ብዙ ጠመኔ አብረን ስለጨረስን እሱን የማማት መብት አለኝ። ጎበዝ ነበር፤ «አላውቅም» ማለት ግን ከሞት ይብስበታል።

በ1993 ሁዳዴ፣ ሊሶሶም ስለሚባለው፣ ሴል ውስጥ ያረጀውን ስለሚፈጨው ከረጢት ያስተምር ነበር። ከየጁቤ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ባንቺዓለም የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኛ ስንጾም ሴሉስ ምን ይበላል? የራሱን ነው?»

መልሱን አያውቀውም። «ሂጂና የንስሐ አባትሽን ጠይቂ!» አላት።

ክፍሉ አውካካ። ከዚያ ወዲያ ስሟ «እማሆይ» ሆነ፤ በየመንገዱ «እማሆይ፣ ዛሬስ ጾም ነው?» ይሏታል። ለፋሲካ አገሯ ገባች፤ አልተመለሰችም። ነገሩን አስተማሪዎች ክፍል ሲያወራልን እኔም ስቄያለሁ፤ አሁን ያሳፍረኛል።

በ2008 ክረምት መንግስቴ ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄደ። አሠልጣኙ ስለተራበ ሴል አስረዳቸው። ምግብ ሲያጣ ስስ ሽፋን ይዘረጋል፤ ያረጀ የራሱን አካል በዚያ ይጠቀልላል፤ ጥቅሉ ከሊሶሶሙ ጋር ይዋሐድና የተፈጨው ለአዲስ ሥራ ይውላል። ሽፋኑ ባይከልለው ፈጪው ደህናውንም በበላ ነበር። መንግስቴ ያን ቀን ደብተሩ ላይ የጻፈው የባንቺዓለምን ስም ብቻ ነው።

እንደተመለሰ ለንስሐ አባቱ ለአባ ወልደ ሰንበት ተናዘዘ። ስግደት ነበር የጠበቀው። «ልጅቱን ወደ እኔ ቢጤ ሰደድሃት፤ እኔ ደግሞ አንተን ወደ እሷ ሰድጄሃለሁ። ቀኖናህ ይኸው ነው» አሉት።

ሞጣ መዳሯን የየጁቤ ሰዎች ነገሩት። ብቻዬን አልችልም ብሎ እኔንም ይዞኝ ሄደ። እህል ሱቅ ውስጥ ጤፍ ስትሰፍር አገኘናት። ላቡን እየጠረገ የሽፋኑን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረዳትና «ልክ ነበርሽ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

ጣሳውን አስቀመጠች። «እግዜር ይቅር ይበልዎ፣ ቲቸር።» ከዚያ እጇን ማውጣት ሲቃጣት አየሁ። «ግን ያ ሽፋን ከየት ይመጣል? የራበው ሴል ከምን ይሠራዋል?»

መንግስቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አለ።

ባንቺዓለም ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«ያኔ እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ ትምህርቴን አልተውም ነበር» አለችው።