ቡና ቀማሾች ዲስክ የቀመሱ ዕለት

የኮምፒውተር ጥገና ሥራ የጀመርኩት ሰቶ ሰመሮ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የቡና መጋዘን ነው። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ሐጂ ነዚፍ ሚዛን ክፍል አስገብተው ኮምፒውተሩን አሳዩኝ። ማብሪያው ተጭኖ እስኪነሳ ከሸቤ ቡና ያመጣ ሾፌር ወርዶ ምሳውን በልቶ ይመለሳል።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «የቡናው ወቅት ሳይገባ ይሄን ካፈጠንከው ቋሚ ትሆናለህ። ካልሆነ ግን አብረን አንሠራም።»

አባቴ ሥራ መያዜን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ፈራሁ።

ሃርድ ዲስኩ አርጅቷል። ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ይቀየር አልኩና ከመርካቶ ለሙከራ ሦስት ዓይነት አመጣሁ። ኢንተርኔት ባልተዘጋበት ቀን ያወረድኩትን የፍጥነት ውጤትም አቀረብኩ። በቁጥሩ ሁሉንም የሚበልጠው ርካሹ ነበር።

«ማነው የቀመሰው?» አሉ ሐጂ።

«ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰዎች።»

«የሻጩን ስም እያዩ?»

በመጋዘኑ ቡና የሚቀመሰው የባለቤቱ ስም ተደብቆ፣ በናሙና ቁጥር ነው። ሐጂ ምላጭ አስመጡና የዲስኮቹን ስቲከር ይልጡ ጀመር።

«ሐጂ፣ ስቲከሩ ከተነሳ ዋስትና የለውም።»

«ቡናስ መቼ ዋስትና አለው?»

በማግስቱ ቅምሻ ክፍል ተሰበሰብን። ዋናው ቀማሽ ጋሽ ታደሰ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ከሁለት ረዳቶቻቸው ጋር ላፕቶፔን ከበቡት። የቀመሱትን ቡና የሚተፉበት ዕቃ ሳይቀር በቦታው ቀርቧል። ሐጂ ከውስጠኛው ክፍል ዲስኮቹን በቁጥር እያወጡ ይሰጡኛል፤ እኔ አገናኝቼ እለካለሁ፤ እነሱ ነጥብ ይሰጣሉ።

አንደኛው ዲስክ ፋይል ሲጽፍ በሰከንድ ከአራት መቶ ሜጋባይት በላይ ወጣ። ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን ነቀነቁና አፋቸው ውስጥ ምንም ሳይኖር እንትፍ አሉ። ልማድ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከሱ ያንሳሉ። ከሰዓት በኋላ አራተኛ ናሙና ሲመጣ ሐጂ ከራሳቸው የጨመሩት መሰለኝ። እሱ ጥቂት ሮጦ ሃምሳ ላይ ወደቀ።

«ይሄማ የሻገተ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። እኔም ይጣል አልኩ።

ሐጂ ብቅ አሉ። «አንደኛውና አራተኛው አንድ ዲስክ ነው።»

ለካ የቤቱ ወግ ነው፤ ቀማሽን ለመፈተን አንዱን ቡና ሁለቴ ያቀርቡለታል። ለአንድ ቡና ሁለት ደረጃ የሰጠ ቀማሽ እዚያ ቤት አይውልም።

«እኛ እሱ የነገረንን ነው የጻፍነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ሐጂ፣ በመሃል ምን አደረጉት?»

«ምንም። ባዶ ዕቃ ሲቀመጥ አልወድም፤ አልማዝ የድሮ ሰነድ ትገልብጥበት ብዬ ሰጠኋት።»

ሒሳብ ሠራተኛዋ አልማዝ ከበር ላይ ሆና፣ «ሰነዱ አልሞላው ሲል የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ ጨመርኩበት፤ ጢም ሊል ትንሽ ቀረው» አለች። ሄጄ ብስማት ደስ ባለኝ።

«ሐጂ፣ ግቢዎ በጆንያ ከሞላ መኪናው የት ይራገፋል?»

«ውጭ ተሰልፎ ይጠብቃል እንጂ።»

«ይሄ አንደኛ የወጣው ርካሹም እንደዚያ ነው። ፈጥኖ የሚጽፈው ነፃ ቦታውን እንደ ማራገፊያ ግቢ እየተጠቀመ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሰዎች የለኩት ባዶውን ነው፤ የእርስዎ ግን ይሞላል።»

ሐጂ ወደ አልማዝ ዞሩ። «ሰርጉን በሁሉም ላይ ጫኑበት» አሉ።

እንደገና ለካን። አልማዝ ቅጂው በደንብ መግባቱን ላረጋግጥ እያለች ቪዲዮውን በየዲስኩ ስለከፈተች፣ ጋሽ ታደሰ ለሙሽራይቱም ነጥብ ሰጡ። ባዶውን ሲለካ የመጨረሻውን ቁጥር ያገኘው፣ በዋጋ መካከለኛ የሆነው ዲስክ፣ ሞልቶም ብዙ አልወረደም። እሱ ሚዛን ክፍል ገባ።

ሐጂ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ለሁሉም እንዲሰማ፣ «ቀማሹ ደህና ነው። የተበላሸው ቡናው ነው» አሉ። ቋሚ ሆንኩ።

የቀሩትን ሁለት ዲስኮች የመርካቶው ነጋዴ አልቀበልም ስላለኝ ዛሬም እኔ ቤት አሉ። ርካሽ ኤስኤስዲ የምትገዙ ልጆች፣ ባዶውን የተለካ ቁጥር አትመኑ፤ ሞልታችሁ ለኩት። ስቲከሩን ግን አትላጡ።