እትዬ ሐተታ ሚዛኑ ፊት

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል በሌላ አገር ተረት ነው። እኛ ከተማ ግን ጆሮው በብሎን የታሰረ፣ በየጊዜው የሚወለወል፣ ሲበላሽም ጠጋኝ የሚላክለት ዕቃ ነበር። ጠጋኟ ደግሞ እኔ ነበርኩ። መሰላሌን ተሸክሜ ከቤት ቤት እዞራለሁ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችውን የድስት ክዳን የምታህል ጆሮ እከፍታለሁ፣ ሽቦዋን አያለሁ፣ እዘጋለሁ። አንድ ቀን አንዲት አራስ ልጇን እሹሩሩ ስትል ወደ ግድግዳው ጆሮ ቀና እያለች ድምፅዋን ስትቀንስ አየሁና ደሜ ፈላ። ጆሮው ውስጥ እፍኝ ጥጥ ጎሰጎስኩበት። ከዚያ በኋላማ እጄ አላርፍ አለ፤ የገባሁበትን ቤት ጆሮ ሁሉ እያደነቆርኩ ወጣሁ። ሲነቃብኝ የምሮጥበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴ ጨርቅ ቆራጭ የሆነችበት መስፊያ ቤት።

የማወራላችሁ ግን የራሴን ጀግንነት አይደለም። የእትዬ ሐተታን ነው።

እትዬ ሐተታ በዚያ መስፊያ ቤት እጅጌ ገጣሚ ነበረች። የከተማው ሰው ሁሉ የሚለብሰው ግራጫ ኮት እጅጌው የሚገጠመው በእሷ እጅ ነው። አንቱታ አትወድም፤ አንቱ ያላትን ሰው «አሮጊት መሰልኩህ?» ብላ ታሳፍረዋለች። ስሙን ያወጡላት ሴቶቹ ናቸው፣ ሲያንሳት ነው። ስንት ሰዓት ሆነ ብላችሁ ብትጠይቋት፣ ሰዓቱን የሸጠላትን ሰውዬ፣ የሰውየውን አማች፣ የአማቹን የጉልበት ሕመም አልፋ ነው ሰዓቱ ላይ የምትደርሰው። እስከዚያ ሰዓቱ ይለወጣል።

እያለከለክሁ የገባሁ ቀን ማንም ምንም ሳይል እጄን ይዛ የወሰደችኝ እሷ ነች። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጀርባ እስከ ደረት የሚደርስ የተሰፋ እጅጌ ተከምሯል። እዚያ ውስጥ አስገባችኝና ለመተንፈሻ አንዱን እጅጌ እንደ ቱቦ ወደ ውጭ አዞረችልኝ። እናቴ መቀሷን እንደያዘች ቆማ ታለቅሳለች። እትዬ ሐተታ እየገጠመች ስለ ጎረቤቷ ድመት ማውራቷን ቀጠለች።

ከዚያ ክምር ውስጥ ሆኜ ነው ጉዷን የሰማሁት። በምሳ ዕረፍት፣ ሌሎቹ ሴቶች ወደ ግቢ ሲወጡ፣ እናቴን አስቀርታ፣ የስፌት መኪናዋን ባዶውን እያስጮኸች ሁሉንም ነገረቻት። የስፌት መኪኖቹ ጫጫታ የግድግዳውን ጆሮ ስለሚያደነቁረው የጸጥታ ቢሮ በየመስፊያ ቤቱ አንዲት ሴት ይተክላል። እዚህ የተተከለችው እሷ ነች። በየሳምንቱ ቢሮ ሄዳ የሰማችውን ታወራለች።

እናቴ መቀሱን አላስቀመጠችም። «በሬ ካራጁ ይውላል አሉ» አለች። «ያን ሁሉ ዘመን ከአንድ ሰሃን በላን እኮ።»

እትዬ ሐተታ አልተቆጣችም፣ አልለመነችምም። ባሏን ወደ ማገገሚያ ወስደውት እንደነበር አስታወሰቻት። እኛ ከተማ «ደህና አይደለሁም» ማለት ወንጀል ነበር፤ ያለ ሰው ማገገሚያ ይገባል፤ ከዚያ የተመለሰም ቀኑን ሙሉ ይስቃል፣ ለምን እንደሚስቅ ግን አያውቅም። ባሏ እየሳቀ ተመልሶ እየሳቀ ሞተ። ያኔ ነው ቢሮው ለሥራ የጠራት። እኔ እምቢ ብል እውነት የምታወራ ትገባለች ብላ አሰበችና እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ የሴቶቹን የልጆች ጥርስ ማብቀል፣ የአማትና የምራት ጠብ፣ የጠፋ ቁልፍ ነገር ሳይቀር ለአለቃው ታወራለታለች። ሰውዬው እያዛጋ ያሰናብታታል። ማን እንዳማረረ፣ ማን ማንን እንደሸሸገ፣ ማን በመሪው ፎቶ እንደሳቀ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

ችግሩ አዲስ ማሽን መምጣቱ ነው። ሚዛን ይሉታል። እውነት ስትናገር አረንጓዴ፣ ስትዋሽ ቀይ ያበራል፤ የበራውም ሁሉ ላይኛው ፎቅ ይደርሳል። ነገ ጠዋት እሱ ፊት ትቀመጣለች፤ የጆሮ ጠጋኟ እዚህ ተደብቃለች ወይ ተብላም ትጠየቃለች። ብትቀር መስፊያ ቤቱን ከበው ሁላችንንም ይወስዱናል። እኔን ለማሸሽ ደግሞ ከተማው ተዘግቷል፤ ያለ ፍተሻ የሚወጣ ድመት እንኳ የለም።

እናቴ በመጨረሻ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ምን ልትይ ነው?» አለቻት።

«እኔ እንጃ» አለች እትዬ ሐተታ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስትሠራ ስለ ምንም አላወራችም፤ እኔም ክምሩ ውስጥ ሆኜ በሕይወቴ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ቢሮው ውስጥ የሆነውን ኋላ ነው የነገረችኝ፤ እንደ ልማዷ ከደረጃው ምንጣፍ ጀምራ። አለቃው ከሲታ ሰውዬ ነው። የዚያን ቀን የኮቱ አንገትጌ አልታጠበም፣ አንድ ቁልፉም ረግፏል። ሚዛኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ስኳር ማስቀመጫ ነው የሚመስለው አለችኝ። ሰውዬው አብርቶት እንደ ወትሮው «እንዴት ነሽ?» አላት። «ደህና ነኝ ጌታዬ» አለች። ቀይ በራ።

ገና ከደጃፉ ሳታልፍ ተያዘች ማለት ነው። አለቃው ቅንድቡን አነሳና ቤተሰብስ ሲል ጠየቃት። ሁሉም ደህና ነው አለች፤ እንደገና ቀይ። ሥራስ? ደስ ይላል አለች፤ ቀይ። ሰውዬው ሚዛኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ጤንነቱን ለማረጋገጥ «ይህ ጠረጴዛ ነው» አለው። አረንጓዴ። «ይህ ጫማ ነው» አለ፤ ጠረጴዛውን ይዞ። ቀይ። እንግዲህ ማሽኑ አልተበላሸም። ግራ ገብቶት «እኔ ደህና ነኝ» አለ። ቀይ በራ። ፈጠን ብሎ «ባለቤቴም ደህና ናት» አለ። ቀይ።

ማሽኑን የሠሩት ሊቃውንት እውነትና ሐሰትን ሲመዝኑ ሰው ሰላምታ እንደሚሰጣጥ ረስተውታል። ያውም ደህና ነኝ ማለት ግዴታ በሆነበት ከተማ! ሰውዬው ፊቱ አመድ ሆነ። እያንዳንዷ ቀይ መብራት ላይኛው ፎቅ ደርሳለች። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እትዬ ሐተታም እጁን ስታይ፣ ባሏ ሊወሰድ ሰሞን እጁ እንዲሁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ትዝ አላትና አሳዘናት። ለዚያ ቢሮ ሰው ታዝናለች ብላችሁ ብትነግሩኝ በዚያን ጊዜ አላምናችሁም ነበር።

«ጌታዬ፣ ሚዛኑስ ጤነኛ ነው» አለችው። «የታመምነው እኛ ነን።»

ይህን ማለት ማገገሚያ ያስገባል። ሚዛኑ ግን አረንጓዴ አበራ። ሁለቱም መብራቱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ አለቃው ለእሷ ይሁን ለማሽኑ ሳይለይ፣ ሚስቱን ከወሰዷት ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ እንዳልዞረ ተናገረ። አረንጓዴ። እጁን ዘርግቶ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው።

«አሁን ልጠይቅሽ» አለ። «እዚያ መስፊያ ቤት የተደበቀ ሰው አለ?»

«አለ» አለች።

በዕድሜዋ ከአፏ የወጣ አጭር መልስ እሱ ሳይሆን አይቀርም። አለቃው ወደ መስኮቱ ዞረ። ነገ ከሰዓት ከመስፊያ ቤቱ ኮት ጭኖ የሚወጣውን መኪና ከተማው በር ላይ ቆሞ የሚፈትሸው እሱ ራሱ እንደሆነ ነገራትና አሰናበታት። ይርዳን፣ ወጥመድ ይዘርጋ፣ አላወቀችም። ቀዩን መብራት በተመለከተ ግን ሳይፈራ ቀርቶ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ለካ ላይኛው ፎቅ ያሉት ሹማምንትም ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ ሲባባሉ በየተራ ቀይ በርቶባቸው ኖሮ፣ ማሽኖቹን ሁሉ ብልሹ ናቸው ብለው ወደ መጋዘን ሊወረውሯቸው ተስማምተዋል።

ተመልሳ ስትነግረን እናቴ ጮኸችባት። እኔም ከእጅጌው ክምር ውስጥ ወጥቼ ያልኳትን እዚህ አልደግመውም። አሳልፋ ሰጥታኝ ነበራ! እሷ ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰማችን። ከዚያ መቆየቱም ያው ሞት ነው፣ ምርጫው የአንቺ ነው አለችኝ። እኔም ተነሥቼ እጅጌዎቹን መጠቅለል ጀመርኩ።

በማግስቱ እንደ ጥቅል ታስሬ፣ በኮትና በእጅጌ መሐል መኪናው ላይ ተጫንኩ። ከተማው በር ላይ ስንደርስ ቆምን። ሸራው ተገለጠ። አንድ እጅ ጥቅሎቹን እየነካካ መጣ፣ መጣ፣ ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጉልበት እጅጌ እንዳልሆነ ለማወቅ ፈታሽ መሆን አያስፈልግም። ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ። እጁ ተነሣ። ሌላ ጥቅል አምጥቶ በላዬ ላይ በቀስታ አደረገው፣ ዳርና ዳሩንም እንደ ብርድ ልብስ ጠቀጠቀልኝ።

«እጅጌ ነው» አለ። «ይለፍ።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። የመንገዱ ኮረኮንች እያንገጫገጨኝ ሄዶ ሄዶ ነፋስ ብቻ ሲሰማ ነፍሴ መለስ አለች። እፎይ ብዬ፣ አፌን በግራጫ እጅጌ አፍኜ፣ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ለምን እንደምስቅ ግን አሳምሬ አውቅ ነበር።

እናቴና እትዬ ሐተታ በዚያው መንገድ በየተራ ተከተሉኝ። አሁን ሦስታችን የምንኖርበት ክፍል ግድግዳው ላይ ሚስማር እንኳ የለበትም። ስለ አለቃው ከዚያ ወዲያ የሰማነው የለም፤ እናቴ ግን በጸሎቷ ታነሳዋለች።

እኔ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣልኝም ነበር። አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ፣ የእኔን ሕይወት ይዘሽ ለጸጥታ ቢሮ ሰው «አለ» ያልሽው ምን ቆርጦሽ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ከሳሙናው፣ ከውሃው ጥራት፣ ከጎረቤት ትጀምራለች ብዬ ነበር። የጨመቀችውን ልብስ አራግፋ ገመዱ ላይ አሰጣችው።

«ያን ሁሉ ዓመት የሚጠይቀኝ ቢሮ ነበር፣ ልጄ» አለችኝ። «ያን ቀን የጠየቀኝ ሰው ነው።»